የክትባት ካርዱ የማን አማና ነው?



በዚህ ዓምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ሌላው ሰው ስላጠፋው ጥፋት ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው እኔ ራሴ ስላጠፋሁት ነው። የራስን ስህተት አደባባይ ማውጣት ደስ አይልም፤ ነገር ግን ከእኔ ስህተት አንድ ቤተሰብ እንኳ ቢማርበት ይበቃኛል።

የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አረድን፤ ስም አወጣን፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ አደረገልን። በስድስተኛ ሳምንቷ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛውም እንዲሁ። በዘጠነኛ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ተወጋች። ያን ዕለት ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ለባለቤቴ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጨረስን» አልኳት። ካርዱም ከኒካሕ ወረቀታችን ጋር ሳጥን ውስጥ ገባ።

አልጨረስንም ነበር። በካርዱ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት። ቀኑም ተጽፎልን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ፣ በየሳምንቱ ለሕዝብ «እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ» እያልኩ የምጽፍ ሰው፣ ያቺን አንድ መስመር አላነበብኳትም።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። ትኩሳት ያዛት፤ ዓይኗ ቀላ፤ ከዚያም ሽፍታው ፊቷ ላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። እናቴ፣ «ምን ያስደነግጥሃል ልጄ፣ ኩፍኝ ያላወጣ ማን አለ? እኛስ አውጥተን አይደል ያደግነው?» አለችኝ። ስንት ልጆች እንደወለደች አውቅ ነበርና፣ «እማ፣ እነዚያ ሁለቱ ታላላቆቼ በምን ነበር የሞቱት?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እነሱንማ ኩፍኙ ወሰዳቸው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ ካርዱን አገላብጣ አየችና፣ «አባት፣ ሁለተኛዋስ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዘጠኝ ወር ክትባት በኋላ ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉ እንደሚጠበቁ፣ ሁለተኛው ክትባት የሚሰጠውም ለቀሩት 15 እንደሆነ ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ልጄ ከ15ቱ አንዷ ሆነች ማለት ነው። የቫይታሚን ኤ እንክብል ተሰጣት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአላህ ፈቃድ ዳነች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልጽፈውም ነበር። ጎረቤታችን የሰባት ወር ወንድ ልጅ አላት። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ልጄ ውሎዋ እዚያው ነው። ልጄ ከታመመች በሁለተኛው ሳምንት ሕፃኑ ተኛ። ኩፍኙ ወደ ሳምባ ምች ዞረበትና ሆስፒታል አሥር ቀን በኦክስጅን ተረዳ። የሰባት ወር ልጅ ለኩፍኝ ክትባት ገና አልደረሰም። እሱን የሚጠብቀው በዙሪያው ያሉ ልጆች መከተባቸው ብቻ ነው። በእርግጥ ሰፈሩ በሙሉ ታሞ ነበርና ከማን እንደያዘው ማንም አያውቅም። እናቱም አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ልጁም አልሐምዱሊላህ ዛሬ ቆሞ ይሄዳል። እኔ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተወኝም። ያ ካርድ የልጄ ብቻ ነበር ወይስ የጎረቤቴም ሐቅ ነበረበት?

ግመሏን ማሰር

ብዙዎቻችን ስንታመም እንታከማለን። ሳንታመም መከላከልን ግን ከተወኩል የሚያጎድል፣ ቀደርን የሚጋፋ አድርገን የምናይ አንጠፋም። «ያለው አይቀርም» እንላለን። ይህ አባባል እውነት አለበት፤ የምንጠቀምበት ቦታ ግን ስህተት ነው።

አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ግመሉን አስሮ ነው ወይስ ለቆ በአላህ የሚመካው ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ፣ በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንዳስተማሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ከእርሳቸው በላይ በአላህ የተመካ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም በኡሑድ ዕለት ሁለት ጥሩር ደርበው ለብሰዋል። በኸንደቅም መዲናን ለመከላከል ከሶሓቦቻቸው ጋር አፈር እየተሸከሙ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ጠላት ገና ሳይደርስ ጉድጓድ መቆፈር ተወኩልን ካላጎደለ፣ በሽታ ገና ሳይደርስ ልጅን ማስከተብ እንዴት ያጎድላል?

የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል፤ ግን አስተውለነዋል ወይ? ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባለው ቦታ ሲደርሱ የጦር አዛዦቹ ተቀበሏቸውና በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጅሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን፣ በመጨረሻም የቁረይሽን ሽማግሌዎች ጠርተው አማከሩ። ከዚያም ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን መለሱላቸው። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሉን የሚያሰማራ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ በቀደር ነው ብለው አስረዷቸው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) በመጡ ጊዜም ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ካለበትም አገር ሸሽቶ አለመውጣትን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ። የዑመር ውሳኔም ከሐዲሱ ጋር ገጠመ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? በሽታው ቀደር ነው፤ መድኃኒቱም ቀደር ነው፤ ክትባቱም ቀደር ነው። ለምለሙን ወገን መምረጥ ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

ክትባትን በተለይ የጠየቁም አሉ። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላቅ ዓሊም የነበሩት ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ቢን ባዝ (ረሒመሁላህ) ሳይታመሙ አስቀድሞ መከተብ ይቻላል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ችግር እንደሌለው መልሰዋል። ማስረጃቸውም በጠዋት ሰባት የዐጅዋ ተምር የበላን ሰው በዚያ ቀን መርዝም ሆነ ድግምት እንደማይጎዳው የሚያስረዳው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ነበር። ጉዳት ሳይመጣ በፊት መከላከል በሱና መሠረት አለው ማለት ነው። በአማርኛችንም ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ይህንኑ ነው።

ለእኛ ባዕድ ነው ወይ?

አንዳንድ ወንድሞች ክትባት ከምዕራባውያን የመጣ፣ ለእኛ ባዕድ የሆነ ነገር ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ኩፍኝና ፈንጣጣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ለይቶ፣ ራሱን በቻለ መጽሐፍ የጻፈው በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የኖረው ሙስሊሙ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ ነው። ከፈንጣጣ ቁስል ጥቂት ወስዶ ጤነኛውን በመከተብ ከከፋው በሽታ የማዳንን ዘዴም፣ ኢስታንቡል የነበረችው የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ በ1717 (እ.ኤ.አ.) ከኦቶማን ሴቶች አየች፤ በማግሥቱ ዓመትም እዚያው ልጇን አስከተበች። አገሯ ስትመለስ ያስፋፋችው ያንን ነው። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 (እ.ኤ.አ.) የላም ፈንጣጣን ተጠቅሞ ክትባትን ያሻሻለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኢስታንቡል ቤቶች ይሠራበት የነበረን ነገር ዛሬ የባዕድ ነው ብለን ብንሸሸው የምንሸሸው የራሳችንን ነው።

ፈንጣጣ ዛሬ የለም። ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቃቀሰ አዛውንቶችን ያየን ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን ግን ቃሉን እንጂ በሽታውን አያውቁትም። አገራችን ይህ በሽታ መጨረሻ ላይ ከለቀቃቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የማጥፋት ዘመቻው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ፣ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያም በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ጎረቤታችንና ሙስሊም ወንድማችን ነበር። ስሙ ዓሊ ማው ማሊን ይባላል፤ በሶማሊያ የመርካ ሆስፒታል ወጥ ሠሪ ነበር።

የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። በጥቅምት 1977 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የታመሙ ልጆችን የያዘ መኪና መንገድ ጠፍቶት ሲጠይቅ፣ ዓሊ መንገዱን ሊያሳይ ተሳፈረ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በሽታው ግን ያዘው። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ለምን አልተከተበም ነበር? መርፌው እንዳያመው ፈርቶ መሆኑን እርሱ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ዳነ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በከተማዋና በዙሪያዋ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተከተበና በሽታው ከእርሱ ወደ ሌላ ሳይተላለፍ ቀረ። ዓሊ ግን ያንን ፍርሃቱን አልረሳም። የፖሊዮ ዘመቻ ሲጀመር አገልጋይ ሆኖ ገባ፤ መንደር ለመንደር እየዞረ ልጆቻቸውን ለማስከተብ እምቢ ያሉ እናቶችን በራሱ ታሪክ ያሳምን ጀመር። ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ በተመለሰበት በ2013 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ በወባ ታሞ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

በዚህ ላይ ሐቁን እንነጋገር። የሙስሊሙ ጥርጣሬ ሁሉ ከድንቁርና የመጣ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በናይጄሪያ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሳ፣ አንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ በታመሙ ሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት ሞክሮ ከባድ ክስ ተመሥርቶበታል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በፓኪስታን አቦታባድ የጉበት ክትባት ዘመቻ አስመስሎ ሰላዮቹን ተጠቅሟል። ይህ ሐኪምን ሽፋን አድርጎ ሰውን ማታለል ነበርና ዋጋው ከባድ ሆነ። እነዚህን የሰማ አባት ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጥርጣሬ እስከ መጨረሻው ሲከተሉት የት ያደርሳል? በ2003 (እ.ኤ.አ.) የካኖ ክፍለ ግዛት መሪዎች የፖሊዮ ጠብታ ያመክናል በሚል ወሬ ክትባቱን አስቆሙ። ለአንድ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ ከሙስሊሟ አገር ከኢንዶኔዥያ የመጣ ክትባት ይሰጥ ተብሎ በ2004 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ተጀመረ። በመሐሉ በሽታው ጊዜ አግኝቶ ነበር። ከናይጄሪያ ተነስቶ ሱዳን ገባ፤ ሳዑዲ ዐረቢያ ደረሰ፤ በየመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አሽመደመደ። አሥር ዓመት ያህል ፖሊዮ ያላየችው ኢንዶኔዥያ ራሷ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከ300 በላይ ልጆቿ ታመሙ። እኛም ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያላየነው ልምሻ በሱዳን በኩል ተመልሶ መጣብን። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የተጎዳው ማን ነው? ካኖ፣ ሰንዓ፣ ጃቫ፣ ካርቱም። ጠላት ይጎዳናል ብለን የራሳችንን ልጆች ጎዳን። የናይጄሪያ ዑለማዎችና አሚሮች ነገሩን ተረድተው ከዘመቻው ጋር ከቆሙ በኋላ ግን በ2020 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ታወጀ። ዛሬ ይህ ቫይረስ የቀረው በሁለት አገሮች ብቻ ነው፤ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን። ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች ሊያሳፍረን ይገባል።

«ያመክናል» የሚለው ወሬ በአገራችንም ለእናቶች በሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ላይ ሲነገር እሰማለሁ። በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ ዛሬ ያለ ኤርትራ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነናል። የሚያመክን ክትባት በዚህ አገር ሥራውን አልሠራም ማለት ነው! ክትባቱ የሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ እትብታቸው በተቆረጠበት ስለት ምክንያት በተወለዱ በሳምንት ውስጥ አፋቸው እየተቆለፈ ይሞቱ የነበሩትን ሕፃናት አትርፏል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ይህን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት በሽታ የኅብረተሰብ የጤና ችግር ከማይሆንበት ደረጃ ማድረሷ ተረጋግጧል።

«የአሳማ ነገር አለበት» የሚሉም አሉ። ሐላልና ሐራምን መጠየቅ የሙስሊም ግዴታ ነውና ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን መልሱን ከዑለማዕ እንጂ ከሻይ ቤት ወሬ አንውሰድ። በፖሊዮ ጠብታ ዝግጅት ላይ ከአሳማ የሚገኝ ንጥረ ነገር ይገባል የሚለው ጥያቄ ለአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ቀርቦ ነበር። ዑለማዎቹ ክትባቱ የተፈቀደ መሆኑን ወሰኑ። በፊቅህ ሁለት የታወቁ መሠረቶች አሉ፤ አንዱ የአንድ ነገር ባሕርይ ፈጽሞ ሲለወጥ ብይኑም እንደሚለወጥ፣ ሁለተኛው ነፍስ ለማዳን አስፈላጊ ሲሆን የተከለከለው እንደሚፈቀድ ነው። የአል-አዝሀር ዑለማዎችና የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም ወላጆች ልጆቻቸውን ከፖሊዮ እንዲያስከትቡ በተደጋጋሚ ጥሪ አድርገዋል።

ሌላው በሹክሹክታ የሚነሳው ለሴት ልጆች በትምህርት ቤት የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ነው። በአገራችን ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ መሰጠት ጀምሯል። አንዳንድ አባቶች፣ «ልጄ ጨዋ ናት፤ ይህ ለእሷ አያስፈልጋትም» ይላሉ። የልጅቷን ጨዋነት ማን ተጠራጠረ? ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ንጽሕት የሆነች ሴት በሐላል ኒካሕ ከምታገባው ባል ሊተላለፍባት ይችላል፤ እርሱም መያዙን ላያውቅ ይችላል። ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠውም ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ብቻ ስለሚሠራ ነው። ለሴት ልጃችን የወደፊት ትዳርና ወሊድ ማሰብ ከአባትነት ግዴታ የወጣ ነገር አይደለም።

ለሐጅ ስንሄድ

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አላህ ወፍቆት ለሐጅ የተመዘገበ ወንድማችን የማጅራት ገትር ክትባት ካልወሰደ ቪዛ አያገኝም። ወደ ሳዑዲ ምድር ከመድረሱም ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መከተብ አለበት። ይህን ሥርዓት ያወጣው ጠላት ሳይሆን የሁለቱ ሐረሞች አገር ነው። ያወጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987 (እ.ኤ.አ.) እና በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሐጅ ወቅት ማጅራት ገትር ተነስቶ ሑጃጆች በሽታውን ይዘው ወደየአገራቸው ተመልሰው ነበር።

ከእኛ መካከል ለሐጅ ሲዘጋጅ መርፌውን እምቢ ያለ፣ «በአላህ ተመክቻለሁ» ብሎ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም። ሸይኹም፣ ነጋዴውም፣ አሮጊቷም እጃቸውን ሰብስበው ይወጋሉ፤ ካርዱንም ከፓስፖርታቸው ጋር አጥብቀው ይይዛሉ። መልካም አደረጉ። ታዲያ ለራሳችን ሲሆን ካርዱን ከፓስፖርት ጋር የምንይዝ፣ ለልጆቻችን ሲሆን ሳጥን ውስጥ ወርውረን የምንረሳው ለምንድን ነው? ለከዕባ እንግድነት የተገባው ጥንቃቄ አላህ በአማና ለሰጠን ሕፃን አይገባውም?

የእኛ የከተሜዎቹ ችግር

በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ካላቸው መቶ ሕፃናት 73ቱ በስድስተኛው ሳምንት የሚጀመረውን አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ጀምረው ነበር። ሦስተኛውን የወሰዱት ግን 53 ብቻ ናቸው። መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያጠናቀቁት 39 ናቸው። በአፋር 15 ብቻ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 89።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ የብዙው ሰው ችግር እምቢታ ሳይሆን ጀምሮ አለመጨረስ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ ከተሜዎች 89 ብለን ልንኮራ አንችልም። ኩፍኝ በአየር የሚተላለፍ፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት የሚቆይ በሽታ ነው። እንዳይዛመት ከመቶ 95ቱ ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው። ለዒድ አገር ቤት የምንሄደው፣ ዘመድ ከገጠር የሚመጣልን፣ በየመስጂዱና በየመድረሳው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የምንቀመጠው እኛ ነን።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ካርዱን ከሳጥኑ አውጡና እዩት። ክትባቱ ሲወለድ ይጀምራል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፤ በ9 ወርና በ15 ወር ኩፍኙ አለ። ባዶ ቦታ ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ አትፈሩም። ያለፈ ቀጠሮ አለ ማለት ከመጀመሪያ መጀመር ማለት አይደለም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ጤና ጣቢያው መዝገብ አለው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባቱ በነጻ ነው። ልጁ ቀላል ጉንፋን ስላለበት ቀጠሮውን አታሳልፉ፤ ባለሙያዋን ጠይቋት። ከተከተበ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቢያተኩሰው፣ የተወጋበት ቦታ ቢያብጥ የተለመደ ነው፤ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ልጁ ጡት እምቢ ካለ ግን መልሳችሁ ውሰዱት። ነፍሰ ጡር እህቶችም የመንጋጋ ቆልፉን ክትባት በረመዷን ቢደርስባቸው አይጨነቁ፤ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማዎች አስረድተዋል።

ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ተቀምጠው የማያቸው እናቶች ብቻ ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ ሲያስተምሩ ወንዱን ስለ ቤተሰቡ ተጠያቂ አድርገውታል። የቀጠሮውን ቀን ማወቅ የእናት ሥራ ብቻ ነው ያለን ማነው? ቤታችን ውስጥ የምትሠራዋ ልጅስ? የእርሷ ልጅ ተከትቧል ወይ ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችንም እንዲሁ። በጁሙዓ ኹጥባ መጨረሻ ላይ የሁለት ደቂቃ ማሳሰቢያ ብዙ ቤት ይገባል። የመድረሳ አስተማሪ ልጅ ሲመዘግብ ካርዱን አምጡ ቢል፣ ማንም ወላጅ ቅር አይለውም። የሰፈር ዕድራችን ቀባሪ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ እንዳንቀብር የሚያስታውሰንም ቢሆን ምን አለበት? አላህ (ሱ.ወ.) የአንድን ሰው ነፍስ ማዳን ሰውን ሁሉ እንደማዳን አድርጎ በቁርኣን ሲነግረን፣ ነፍስ ለማዳን ሐኪም መሆን ብቻ አይጠይቀንም። አንዳንዴ የሚጠይቀን ቀጠሮ ማስታወስ ብቻ ነው።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። በኢስላም ራስን መጉዳትም ሆነ ሌላውን መጉዳት የለም። ጎረቤቴ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተረዳሁት ኪታብ ሳነብ ሳይሆን ሆስፒታል በር ላይ ነው። የልጄ ካርድ አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከታናሽ ወንድሟ ካርድ ጎን። የእሱ 15ኛ ወር የሚሞላው ከዒድ አል-አድሓ በኋላ ነው፤ ቀኑንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ከጎረቤታችን ልጅ ጋርም አብረን እንሄዳለን፤ እርሱም ሁለተኛውን ገና አልወሰደም።

ያ አላህ፣ ልጆቻችንን ከክፉ በሽታ ጠብቅልን፤ የታመሙትን አሽርልን፤ የሰጠኸንን አማና የምንወጣ አድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።